የተዘጋው በሩ ነው ወይስ ግዴታው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በዛሬው ጽሑፌ ያለፈ የሚመስል፣ ነገር ግን ገና ያላለፈ አንድ ጉዳይ ላነሣ እወዳለሁ። እንደሚታወሰው የኮሮና ቫይረስ ወደ ሀገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። ሦስት ቀን ቆይቶ፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች በመላ ሀገሪቱ እንዲዘጉ ተወሰነ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ቤቱ ገባ። መጀመሪያ የተባለው ለ15 ቀን ነበር፤ 15ቱ ቀን ግን ሰባት ወር ሆነ።

ለመሆኑ በእነዚያ ሰባት ወራት የተዘጋው ምን ነበር? በሩ ነው ወይስ ማስተማር የሚባለው ግዴታ? ይህን ጥያቄ ዛሬ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። እኔ ያደግሁት በደብረ ታቦር ነው፤ በእኛ በደቡብ ጎንደር የትምህርት ቤት በር ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ተዘግቷል። ትምህርት ቤቶች በጥቅምት 2013 ገና ከመከፈታቸው በሰሜን ጦርነት ተነሣ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ላይ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫ በተዋጊዎች እጅ ገባች፤ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በ2012 አንደኛ ክፍል የነበረ የጋይንት ወይም የእስቴ ልጅ ዛሬ ለአካለ መጠን እየደረሰ ነው። ሳይቋረጥበት የተማረው ስንት ዓመት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የብዙዎቹ መልስ የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። ይህ ሁሉ መዘጋት የጀመረው ከዚያ ከመጋቢት 7 ነው፤ ስለዚህ ያኔ ያደረግነውንና ያላደረግነውን መርምረን ካልያዝን፣ በየጊዜው በር ሲዘጋ ግዴታውንም አብረን እየዘጋን እንኖራለን።

በመጀመሪያ፣ መዝጋቱ ራሱ ጥፋት ነበር ወይ ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ አገር ወረርሽኝ መግባቱን የሰማ ሰው ወደዚያ እንዳይሄድ፣ እዚያው ያለ ሰው ደግሞ ሸሽቶ እንዳይወጣ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ወደ ሻም ሲጓዙ፣ ሰርግ ከምትባል ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ አንሷሮችን አማከሩ፤ የቁረይሽ ሽማግሌዎችንም አማከሩ። ከዚያም እንመለስ አሉ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄድ መሆኑን አስረዷቸው፤ አንዱ ዳር ለምለም ሌላው ዳር ደረቅ የሆነ ሸለቆም በምሳሌ አነሡላቸው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ከነቢዩ የሰሙትን ሲነግሯቸው ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ። ያ የዐምዋስ ወረርሽኝ አቡ ዑበይዳን ወሰደ፤ ቀጥሎም ነቢዩ ለየመን ሰዎች አስተማሪ አድርገው የላኳቸውን ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልን (ረ.ዐ.) ወሰደ። ከእነርሱ በኋላ ኀላፊነቱን የተረከቡት ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) ሕዝቡ ከተሰበሰበበት ወጥቶ ወደ ተራሮች እንዲበተን አዘዙ፤ ወረርሽኙም ተነሣ።

በአንጻሩ ደግሞ መሰብሰብ ያመጣውን ጣጣ ታላቁ ዓሊም ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ መዝግበውልናል። በ833 ዓመተ ሂጅራ በካይሮ ወረርሽኝ ገብቶ ሰዎች ሦስት ቀን ጾመው ወደ ሜዳ በጋራ ወጡና ዱዓ አደረጉ። ከመውጣታቸው በፊት በቀን የሚሞተው ከ40 ያነሰ ነበር፤ ወሩ ሳይጨርስ ግን ከ1,000 በላይ ሆነ። ኢብኑ ሐጀር ይህን የጻፉት ከሩቅ ሆነው አልነበረም። ሦስት ሴት ልጆቻቸውን በወረርሽኝ የቀበሩ አባት ናቸው። እንዲህም ሆኖ ስለ ወረርሽኝ መጽሐፍ አዘጋጅተው ለትውልድ አስተላለፉ።

ስለዚህ በ2012 ክፍሎች ባዶ መሆናቸው ከሸሪዓችን ጋር የሚጋጭ አልነበረም። አንድ ወንበር ላይ ሦስትና አራት ልጅ ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት ሀገር በዚያ ወቅት ሌላ ምርጫ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ጥያቄው የሚጀምረው ከመዝጋቱ በኋላ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ሸሪዓችን አንድን በር ሲዘጋ እንዴት አድርጎ እንደሚዘጋ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጭቃ በበዛበት የጁሙዓ ቀን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ሙአዚኑን ወደ ሶላት ኑ የሚለውን ጥሪ ትቶ በየቤታችሁ ስገዱ እንዲል አዘዙት። ሰዎች ቅር ሲላቸው፣ ከእኔ የሚበልጡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው አድርገውታል ብለው መለሱላቸው። ልብ በሉ፤ የቀረው መስጂድ መምጣቱ ነው እንጂ ሶላቱ አልቀረም፤ ጁሙዓው ዙህር ሆኖ ይሰገዳል። ውሃ የጠፋበት ሰው ከሶላት ነፃ አይሆንም፤ በአፈር ተየሙም ያደርጋል። መቆም የማይችል ተቀምጦ፣ መቀመጥ የማይችል ተኝቶ ይሰግዳል። በረመዷን የታመመና መንገድ የወጣ ሰው ጾሙን ይፈታል፤ ያፈጠረውን ቀን ግን ቆጥሮ ቀዷ ያወጣል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ሶላተል ኸውፍ ነው። በሱረቱ ኒሳእ 102ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ነቢዩን በጦር ሜዳ ላይ ሶላትን እንዴት እንደሚያሰግዱ አስተምሯቸዋል። ጠላት ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ እንኳ ሶላቱ አልተነሣም። ሰዉ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ መሣሪያውን እንደያዘ ከኢማሙ ኋላ ሲሰግድ ግማሹ ይጠብቃል፤ ከዚያም ቦታ ይለዋወጣሉ። ዛሬ ፈረቃ የምንለው አሠራር ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት በጦር ሜዳ ላይ በወሕይ የተደነገገ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ሕግ እናገኛለን። ሩኽሷ፣ ማለትም በችግር ጊዜ የሚሰጥ ማቅለያ፣ ሦስት ነገሮች አብረውት ይመጣሉ። አንደኛ፣ ከምክንያቱ ጋር የታሰረ ነው፤ ምክንያቱ ሲነሣ እርሱም ይነሣል። ሁለተኛ፣ ምትክ አለው፤ ባዶ ቦታ አይተውም። ሦስተኛ፣ ያለፈው ዕዳ ሆኖ ይቆጠራል፤ ባለዕዳውም ይታወቃል። ግዴታው መልኩን ይለውጣል እንጂ አይሰረዝም።

ይህን ደግሞ እኛ ራሳችን በተግባር አይተነዋል። በዚያው ዓመት መስጂዶቻችን የጀማዓ ሶላት አቋርጠው ነበር። የ1441 ረመዷን ሚያዝያ 16 ቀን 2012 ሲገባ ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ፤ የዒደል ፊጥር ሶላትም ግንቦት 16 በየቤቱ ሆነ። ከዚያ በፊት ኢማም ሆኖ የማያውቅ አባት በልጆቹ ፊት ቆሞ አሰገደ። ዘካተል ፊጥርም አልቀረም። መስጂዱ ሲዘጋ ቤታችንን መስጂድ አድርገናል። ታዲያ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቤታችንን ትምህርት ቤት ያላደረግነው ለምንድን ነው?

አሁን የትምህርት መሥሪያ ቤቶቻችን ያኔ ያወጡትን ደንብ በዚሁ ሚዛን እንመዝነው። ደክመው የሠሩ ሰዎች እንዳሉ መካድ ግፍ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን፣ ክልሎች ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ ትምህርት እንዲሰጥ አደረጉ። በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ በተለይ የግሎቹ፣ በቴሌግራም ማስታወሻና ጥያቄ ይልኩ ነበር። ይህ እንግዲህ ምትኩ ነው። በሐሳብ ደረጃ ሩኽሷው ምትክ አልጎደለውም ማለት ነው።

ነገር ግን ምትኩ ለማን ደረሰ? የደቡብ ጎንደርን መልክዓ ምድር የሚያውቅ ያውቀዋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ ከራስዋ በላይ ደግሞ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ጉና አለ። በዞኑ በ1999 ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበር፤ አብዛኛው በየሸንተረሩ የሚኖር ገበሬ ነው። በፋርጣ፣ በስማዳና በታች ጋይንት ቀበሌዎች መብራት የሌለው ቤት ብዙ ነው። ቴሌቪዥን የለም፤ ሬዲዮ ያለውም ባትሪ ድንጋዩን የሚያተርፈው ለዜና ነው። ስልክ ቢኖር የአባወራው ነው፤ አባወራው ደግሞ እርሻ ወይም ገበያ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ደንብ ወጥቶ ሁለት ዓይነት ልጅ ፈጠረ። የከተማው ልጅ ምትክ አገኘ፤ የገጠሩ ልጅ በጎቹን ይዞ ጉና ሥር ዋለ። ተየሙም የተደነገገው አፈር የማይገኝበት ቦታ ስለሌለ ነው። አላህ ምትክ ሲያዝ የሁሉም እጅ የሚደርስበትን ያዛል። የሰው ደንብ አውጭም ከዚህ ሊማር ይገባል፤ ምትኩ መመዘን ያለበት ከሁሉ በራቀው ልጅ ነው።

ስለ መክፈቻውም እንነጋገር። ትምህርት በዙር እንዲከፈት ሲታቀድ ጥቅምት 9 ቀን 2013 በገጠር ወረዳዎች፣ ጥቅምት 16 በዞንና በክልል ዋና ከተሞች፣ ጥቅምት 30 ደግሞ በአዲስ አበባ እንዲሆን ተባለ። በዚህ ዕቅድ የፋርጣ ገበሬ ልጅ ከደብረ ታቦር ከተማ ልጅ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይገባ ነበር ማለት ነው። ሰው ተጠጋግቶ የሚኖረው በከተማ ስለሆነ የበሽታውን ባሕርይ ያየ፣ ማስተዋል ያለበት አካሄድ ነው። ተራርቆ መቀመጥ፣ በፈረቃ መማር፣ የፊት መሸፈኛ ማድረግ፣ እጅ መታጠብ ታዘዘ። ፈረቃው ከላይ ያልኩትን ሶላተል ኸውፍ ያስታውሰኛል፤ ግማሹ ሲማር ግማሹ ይጠብቃል፣ ማንም ግን ከነጭራሹ አይቀርም።

ሆኖም ጥቅምትና ኅዳር በእኛ አገር ምን እንደሆኑ የታወቀ ነው፤ የመኸር ወራት ናቸው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ይታጨዳል፤ በደጋው ገብሱ ይሰበሰባል። ሰባት ወር ሙሉ የቤት ጉልበት ሆኖ የቆየን ልጅ አባቱ በመኸር መካከል እንዲለቀው መጠየቅ በወረቀት እንደሚጻፈው ቀላል አይደለም። ከጉና ሥር ርብና ጉማራ ተነሥተው ጣናን ይሞላሉ፤ እጅ ታጠቡ የተባለበት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤት ግን ቧንቧ የለውም። መምህሩ ደግሞ አንዱን ትምህርት ለሁለት ፈረቃ ደግሞ ያስተምራል። ደንቡ ጥሩ ነበር፤ ሸክሙን የተሸከመው ግን በታችኛው እርከን ያለው መምህርና ወላጅ ነው።

ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም ዕዳው፣ ከሁሉ የባሰ ነው። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ተላለፈ፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተሰጠው በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ 2013 ነው። የቀሩት ክፍሎች ተማሪዎች ወደ ቀጣዩ ክፍል እንዲዛወሩ ተደረገ። ልጁ ባልነበረ ጥፋቱ እንዳይቀጣ መዛወሩን እደግፋለሁ። ነገር ግን የመንገደኛው ጾም ተሰርዟል ብሎ የሚፈርድ ዓሊም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያፈጠረው ቀን ዕዳ ነው፤ ይቆጠራል፤ ይከፈላል። ሁለተኛ ክፍል ላይ ንባብ ሳይለይ የተቋረጠው ልጅ ሦስተኛ ክፍል ገብቶ ሲቀመጥ ሰባቱ ወር የት ተጻፈ? ማንስ ሊከፍለው ቃል ገባ? በየትምህርት ቤቱ ማካካሻ ለመስጠት የጣሩ መምህራን ነበሩ፤ ነገር ግን ጦርነቱ ሲደርስባቸው ዕዳው በዕዳ ላይ ተደራረበ። ፊደል ሳይለይ አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ስታገኙ፣ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትለፉት። ያልተከፈለ ቀዷ ነው።

ወገኖቼ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማንም ልጁን ከትምህርት አስወጣሁ አይልም። ልጁ ለጊዜው ሱቅ ይጠብቅ ይባላል፤ ለጊዜው ሸማ ሥራ ይልመድ ይባላል፤ ለጊዜው ከሰዎች ጋር ወደ መተማና ሑመራ ሰሊጥ ማሳ ይውረድ ይባላል። ለሴቷ ልጅ ደግሞ ለጊዜው የሚባል ነገር የለም፤ ባል ይመጣላታል። አካባቢያችን ልጅን በለጋ ዕድሜ በመዳር የሚታወቅ ነው፤ ሕጉ 18 ዓመት ቢልም ትምህርት ቤት ብዙ ልጃገረዶችን የሚጠብቅ አጥር ነበር። መምህሯ ስትቀር ትጠይቃለች፤ ጓደኛዋ ታወራለች፤ ርእሰ መምህሩ ለቀበሌ ያሳውቃል። አጥሩ ሲፈርስ የሚጠይቅ ጠፋ። በሌሎች አገሮችም የታየው ይኸው ነው። በሴራሊዮን በኢቦላ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ወደ ዘጠኝ ወር ያህል ተዘግተው በሚያዝያ 2007 ሲከፈቱ፣ በዚያ መካከል ያረገዙ ልጃገረዶች እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ክልከላው የተነሣው በ2012 ነው። ኡጋንዳ ደግሞ በኮሮና ምክንያት ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዘግታ የከፈተችው በጥር 2014 ነበር፤ ያልተመለሱት ብዙዎች ናቸው። በር መክፈት ብቻውን ልጅን አይመልስም።

እስካሁን ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ተናገርኩ። አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ፤ ምክንያቱም የሌላውን ጉድፍ እያዩ የራስን መርሳት የሙእሚን ጠባይ አይደለም።

የቁርኣን ቤቶቻችንስ? መስጂዱ ሲዘጋ መድረሳውም ተዘጋ። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ሚኒስቴር አለው፣ ቢሮ አለው፣ የዞን መምሪያ አለው፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አለው፤ ደንቡ ቢጎድል እንኳ የሚጠየቅ ወንበር አለ። የመንግሥት መምህር ትምህርት ቢዘጋም ደመወዙ አልተቋረጠም። ኡስታዙ ግን የሚኖረው ወላጅ በሚያዋጣት ጥቂት ብር ነው። ልጁ ሲቀር ብሩም ይቀራል። በዚያ ዘመን ልጆቻችንን አሊፍ ባ ያስቆጠረውን ሰው ምን በልተህ አደርክ ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው? በዞናችን ሙስሊሙ በ1999 ቆጠራ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም ነበር። በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በየወረዳው ከተማ ተበታትኖ በንግድና በእጅ ሥራ የሚኖር ጥቂት ማኅበረሰብ ነው። ቁጥራችን ጥቂት ስለሆነ አንድ ኡስታዝ ሲሄድ አንድ መንደር ባዶ ይቀራል። ጫት ቤት ወይም ሱቅ ገብቶ ሥራ የቀየረ ኡስታዝ ደግሞ መድረሳው ሲከፈት አይመለስም። ደረሳ ሆኖ ቂራኣት ፍለጋ ወሎ ድረስ በእግሩ የተጓዘ ሰው የያዘው ዕውቀት፣ በእኛ ዝምታ ምክንያት ሚዛን ሲያነሣና ሲጥል ይውላል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከበድር በኋላ ምን እንዳደረጉ አስታውሱ። ገንዘብ የሌለው ምርኮኛ የመዲናን ልጆች መጻፍ እንዲያስተምርና በዚያ ነፃ እንዲወጣ መደረጉ በሲራ ይነገራል። ያን ጊዜ ሙስሊሙ ድሃ ነበር፤ የወርቅም የብርም ቤዛ ያስፈልገው ነበር። ጦርነቱም አላበቃም ነበር፤ ኡሑድ ገና ከፊት ይጠብቅ ነበር። በዚያ መካከል ግን ማስተማር እንደ ወርቅ ቤዛ ተቆጠረ። ሰላም እስኪመጣ እንጠብቅ አልተባለም።

እዚህ ላይ ሁለት ክርክሮች ይነሣሉ። አንደኛው ወገን ወረርሽኙ አልፏል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን አውጇል፣ ያለፈን ማንሣት ምን ይረባል ይላል። ለእርሱ የምለው፣ የጾም ቀዷ የሚወጣው ረመዷን ካለፈ በኋላ ነው። በሽታው ስላለፈ ዕዳው አላለፈም። እንዲያውም ምክንያቱ በመነሣቱ የመክፈያው ጊዜ ደረሰ። ደግሞም ከኮሮና የተረፈውን ልማድ ግጭቱ ወርሶታል፤ በር ሲዘጋ ልጁን ለሥራ ማሰማራት የለመደ ወላጅ ዛሬም ያንኑ ያደርጋል።

ሁለተኛው ወገን ይህ የአላህ ቀደር ነው፣ ጦርነትና በሽታ በእጃችን አይደለም ይላል። እውነት ነው፤ ትምህርት ቤቱ መዘጋቱ በእጃችን አልነበረም። ነገር ግን ዑመር (ረ.ዐ.) ሰርግ ላይ የመለሱት መልስ ለዚህም መልስ ነው። ልጅህን ያለ ትምህርት መተውም ቀደር ነው፤ ቤትህ አስቀምጠህ ማስተማርም ቀደር ነው። ለምለሙ ዳር እያለ በደረቁ ዳር የሚያሰማራ እረኛ ግን ይጠየቃል። ሁላችንም እረኞች መሆናችንንና ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ ነቢያችን አስተምረውናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? የከተማ ነዋሪ ለሆናችሁ አንባብያን፣ በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም በጎንደርም በደብረ ታቦርም ላላችሁ፣ አቅማችንን የማያልፍ አራት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፣ እንቁጠር። እያንዳንዱ የመስጂድ ኮሚቴ በጀማዓው ውስጥ ያሉትን ልጆች ስም ይመዝግብ፤ ማን ይማራል፣ ማን አቋረጠ፣ ከስንተኛ ክፍል፣ ስለምን? ለቀብርና ለሰደቃ መዝገብ እንይዛለን፤ ለሕያዋን ልጆቻችን መዝገብ የለንም። በኅዳር 1911 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ ብዙ ሺህ ሰው አልቋል፤ ለእኛ የቀረልን ግን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ነው። ጭሱን ወረስን፤ ያኔ የት ምን እንደተደረገና ምን እንደጠቀመ የሚናገር መመሪያ አልወረስንም። ኢብኑ ሐጀር ልጆቻቸውን ቀብረው መጽሐፍ ጻፉ። እኛም ቢያንስ መዝገብ እንጻፍ።

ሁለተኛ፣ ከፍለን እናካክስ። በመስጂድ ግቢ፣ ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ለታናናሾቻቸው ንባብና ሒሳብ ያስተምሩ። ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ትዕግሥት ይበቃል። የጎረቤታችን የክርስቲያን ልጅም ቢመጣ በሩ ይከፈትለት። ደብረ ታቦር ላይ በአንድ ወንበር ተቀምጠን ያደግን ነን፤ ሰባቱ ወር የጎደለውም ለሁላችን ልጅ ነው። የጎረቤት ሐቅ ደግሞ በሃይማኖት አይወሰንም።

ሦስተኛ፣ ለኡስታዞቻችን ቋሚ ነገር እንመድብ። ልጅ በመጣ ቁጥር የሚሰጥ ሳንቲም በር ሲዘጋ ይቆማል። ከአንድ ሱቅ ኪራይም ቢሆን፣ ከአንድ ወፍጮም ቢሆን፣ በወቅፍ የታሰረ ገቢ ግን በሩ ቢዘጋም ይፈስሳል። ያን ጊዜ ኡስታዙ ቤት ለቤት እየዞረ፣ ሦስትም አራትም ልጅ እየያዘ፣ ማስተማሩን አይተውም። ትምህርት ቤት በተዘጋበት አካባቢም መድረሳው ከቁርኣኑ ጎን ፊደልና ቁጥር እንዲይዝ መርዳት እንችላለን።

አራተኛ፣ ስለ ሴቶች ልጆቻችን ዝም አንበል። ኒካሕ የሚያስሩ ሼኾቻችን ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው፣ ስንተኛ ክፍል ነበረች፣ ፈቃዷስ ተጠይቋል ወይ ብለው ሳይጠይቁ አያስሩ። ትምህርት ቤት ስለ ተዘጋ ብቻ የመጣ ጋብቻ ለልጅቷ ጥበቃ ነው ማለት ራስን ማታለል ነው። አጥሩ ሲፈርስ ሰው በአጥሩ ቦታ ይቆማል፤ ያ ሰው አባት ነው፣ ወንድም ነው፣ ኢማም ነው።

መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለበት። ወደፊት በሽታም ሆነ ሌላ አደጋ መጥቶ በር እንዲዘጋ ሲወሰን፣ በዚያው ቀን ሦስቱ ነገሮች አብረው ይነገሩ፤ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚከፈት፣ እስከዚያ ድረስ መብራት የሌለው ቤት ልጅ በምን እንደሚማር፣ የጎደለው በማን እንደሚከፈል። መክፈቻውም የገበሬውን መኸር ያየ ይሁን። ተዋጊ ወገኖች ሁሉ ደግሞ ትምህርት ቤትን ከጦርነት ውጭ ያድርጉ። በጦር ሜዳ ሶላት ካልቀረ፣ በጦርነት ጊዜ የሕፃናት ትምህርት ሊቀር የሚገባበት ምክንያት የለም።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በቂያማ ቀን ስለ በሩ አንጠየቅም፤ ማን እንደዘጋው አላህ ያውቃል። የምንጠየቀው በእጃችን ስላለው ነው። በየቤታችን አንድ ያቋረጠ ልጅ፣ ወይም የምናውቃት አንዲት ያቋረጠች ልጅ አለች። ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ እናስቀምጣቸውና አንድ ገጽ እናስነብባቸው። ማንበብ ከተሳናቸው ዕዳው ስንት እንደሆነ እናውቃለን፤ የታወቀ ዕዳ ደግሞ መከፈል ይጀምራል።

ጌታችን ሆይ! ለበሽታችን ፈውስ፣ ለሀገራችን ሰላም ስጥልን። በወረርሽኙና በጦርነቱ ያጣናቸውን ማራቸው። የልጆቻችንን ልብ ለዕውቀት ክፈት፤ ለአስተማሪዎቻቸውም ሪዝቅን አስፋ። ከተሰጠን ማቅለያ ጋር አብሮ የመጣውን ግዴታ ከሚወጡት አድርገን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ፤ ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።